ከባሮ እስከ ኩባያ፦ በመጠለያ ጣቢያ ውሃን ንጹሕ አድርጎ ማድረስ

በመጠለያ ጣቢያ የውሃ ሥራ የሚለካው ኩባያው ላይ ነው። ቦቴው ስንቴ ተመላለሰ፣ ሮቶው ስንት ሊትር ያዘ የሚለው ለሪፖርት ይጠቅማል። ሕፃኑን ከተቅማጥ የሚያድነው ግን ትናንት ከቦኖ ተቀድቶ ድንኳን ውስጥ ባደረው ጀሪካን ውስጥ ዛሬ ጠዋትም ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ቆሻሻውን ገድሎ የተረፈ ክሎሪን፣ መኖሩ ነው። ይህን የምንጽፈው በአደጋ ጊዜ የውሃና ንጽሕና አቅርቦት፣ በሥራው አጠራር "ዋሽ"፣ ላይ አዲስ ለሚሰማሩ ባለሙያዎች፣ ለቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞችና ለወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነው። መመሪያው ሁሉም ዘንድ አለ፤ መመሪያው መስክ ላይ የሚሰናከልበትን ቦታ ማወቅ ግን ጊዜ ይወስዳል። ያንን ጊዜ ልናሳጥርላችሁ ነው።

ምሳሌያችን ጋምቤላ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው በፓጋክና በሌሎች የድንበር መግቢያዎች አልፎ ወደ ክልሉ ገባ። ኢታንግ አካባቢ ኩሌና ቴርኪዲ ካምፖች ተከፈቱ፤ በ2009 መጀመሪያ ደግሞ ንጉኝዬል ተጨመረ። በ2006 ክረምት ሌትችዎርና ኒፕ ኒፕ የተባሉት ካምፖች በጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ የሌትችዎር ነዋሪዎችም በኋላ ጋምቤላ ከተማ አጠገብ ወዳለው ጀዊ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ካምፖቹ ውስጥ ሄፓታይተስ ኢ ተከሰተ። ይህ በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ላሉት፣ እጅግ አደገኛ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከተያዙ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ ውሃው ዛሬ ቢስተካከል እንኳ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወደ ክሊኒክ መምጣቱ ለሳምንታት ይቀጥላል። ይህን አይቶ "ክሎሪኑ አልሠራም" ብሎ ሥራን ማቋረጥ ትልቅ ጥፋት ነው።

ወንዙ ዳር

ባሮ በክረምት ቡናማ ሆኖ፣ ደለልና ቅጠል ተሸክሞ ይወርዳል። ፓምፑን የምትተክሉበት ቦታ ሰው ከሚታጠብበት፣ ከብት ከሚጠጣበትና ተሽከርካሪ ከሚታጠብበት ቦታ ወደ ላይ መሆን አለበት። የመሳቢያውን ማጣሪያ ወንዙ ወለል ላይ አትጣሉት፤ አሸዋና ጭቃ ይስባል፣ ፓምፑም ውስጡ በቶሎ ይበላል። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን እንደ ተንሳፋፊ አድርጋችሁ ማጣሪያውን ከውሃው ገጽ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል እሰሩት። ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሞተር ፓምፕ ውሃ የሚስብበት ቁመት በቆላ ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ደጋ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከዚያም ያንሳል። ብዙ ጊዜ "ፓምፑ ተበላሸ" የሚባለው በመሳቢያው ጎማ መጋጠሚያ አየር ሲገባ ነው። ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን አጥብቁ፣ ጎሚኒዎቹን እዩ፣ የመሳቢያው ጫፍ ላይ ያለው ቫልቭ ቅጠል ነክሶ እንደሆነ አረጋግጡ። ነዳጁና ዘይቱ ከመሳቢያው ወደ ታች ባለው ወገን፣ ሳፋ ወይም ሸራ ላይ ይቀመጥ። ትንሽ ናፍጣ ብትፈስ ውሃው ይሸታል፤ ውሃው ከሸተተ ደግሞ ሰው ወደ ኩሬው ይመለሳል።

ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ክሎሪኑን ለጭቃው መመገብ ነው። መለኪያው ድፍርስነቱ ከ5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች እንዲሆን ነው፤ ሌላ አማራጭ በሌለበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 20 ድረስ ይታገሡታል። ለዚህ አሉም፣ ማለትም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ያስፈልጋል። መጠኑን ወንዙ ነው የሚወስነው፤ ጠዋት የነበረው ልክ ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዝናብ ከጣለ አይሠራም። ስለዚህ በየቀኑ፣ በክረምት በቀን ሁለቴ፣ የባልዲ ሙከራ ይደረግ።

ሙከራው እንዲህ ነው። 10 ግራም አሉም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሟሙቶ የ1 በመቶ ውሁድ ይዘጋጃል። አምስት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች በወንዙ ውሃ ይሞሉና በሲሪንጅ እየተለካ 40፣ 80፣ 120፣ 160 እና 200 ሚሊ ሊትር በየተራ ይጨመርባቸዋል። ይህ በሊትር ከ20 እስከ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በጣም በቀስታ ይማሰላል። ደለሉ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተሰባሰበ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ በትንሹ አሉም ጥርት ያለውን ባልዲ ምረጡ። አሉም ሲበዛ የበለጠ ያጠራል ማለት አይደለም፤ ከልኩ ሲያልፍ ውሃው መልሶ ይደፈርሳል፣ ፒኤቹም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ይወርዳል። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ሲሆን ነው ደህና አድርጎ የሚሠራው። አንዱም ባልዲ ካልጠራ አሉሙን ከመጨመራችሁ በፊት ፒኤቹን ለኩ።

ልኩ 60 ሚሊ ግራም ሆነ እንበል። ባለ 70,000 ሊትር ታንክ (ቲ-70 የሚባለው) 4.2 ኪሎ አሉም ይፈልጋል። ዱቄቱን ታንኩ ላይ መበተን አይሠራም፤ በ100 ሊትር በርሜል አሟሙታችሁ፣ በቀጭን ጎማ ወደ ፓምፑ መሳቢያ በኩል ውሃው በሚገባበት ሰዓት ሁሉ እኩል እየገባ እንዲያልቅ አድርጉ። ፓምፑ ራሱ ያዋሕደዋል። ወደ ታንኩ የሚገባው ቧንቧ ጫፉ በክርን ወደ ጎን ዞሮ ግድግዳውን ተከትሎ እንዲፈስ ከተደረገ ውሃው ታንኩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ደለሉም ይሰባሰባል። ከዚያ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ሌሊቱን ቢያድር ደግሞ እሰየው። ስለዚህ አንድ ታንክ አይበቃም፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጠራል፣ ሦስተኛው ይከፋፈላል። ውሃውን ወደ ክሎሪን ታንኩ ስታስተላልፉ ከታች አትሳቡ፤ በተንሳፋፊ ጎማ ከላይ ይሳብ፣ ዝቃጩ ይቅር። ዝቃጩን ወደ ባሮ መመለስ ክልክል ነው፤ የራሱ ጉድጓድ ይቆፈርለት፣ ጉድጓዱም ይታጠር።

የጠራ ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ታንኩ ውስጥ ወለሉ ቢታይም ቫይረሱ እዚያው ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ "ጠርቷል እኮ" ተብሎ ውሃው ክሎሪን ሳይገባበት ለቦቴ ሲሰጥ ይታያል፤ ይህ ከድፍርሱ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሰዉ አምኖ ይጠጣዋል።

ክሎሪን

መስክ ላይ የምንጠቀመው ኤችቲኤች የሚባለውን፣ ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ያለውን ዱቄት ነው። አፉ ተከፍቶ የቆየ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ በርሜል ጉልበቱን ያጣል፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ግራም ሳይቀየር ውሃው ውስጥ ግን ክሎሪን አይገኝም። ከነዳጅ፣ ከዘይትና ከአሉም ጋር በአንድ መጋዘን አታስቀምጡት። ዘይት ከነካው እሳት ያነሣል። መጋዘኑ አየር የሚገባበት፣ ወለሉ ደረቅ ይሁን፤ በርሜሎቹም ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨት ላይ ይቀመጡ። የሚያዘጋጀው ሰው ጓንት፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፣ ነፋሱን ጀርባው ላይ ያድርግ። ዱቄቱ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃ ወደ ዱቄት አይጨመርም። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት ይበላል።

መሠረቱ የ1 በመቶ ውሁድ ነው። 15 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ውሃ። ለ20 ሊትር 300 ግራም። አማስላችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ አስቀምጡት፤ ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ኖራ ነው፣ አይጠቅምም። የላዩን ጥርት ያለ ብቻ ቅዱ። ዝቃጩ ከገባ ማንጠባጠቢያውን ይደፍናል፣ ጀሪካን ውስጥም ነጭ ነገር ይታይና "መድኃኒት ጨመሩብን" የሚል ወሬ ይነሣል። ውሁዱን በየቀኑ አዲስ አዘጋጁት።

አሁን ስንት ይጨመር? ይህንንም የሚመልሰው ባልዲ ነው። አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎችን በጠራው ውሃ ሙሉ፤ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሚሊ ሊትር ከ1 በመቶው ውሁድ ጨምሩባቸው። በሊትር 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አማስሉ፣ ክዳን አድርጉ፣ ጥላ ውስጥ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ፑል ቴስተር በሚባለው የክሎሪን መለኪያ ቀሪውን ለኩ። 3 ሚሊ ግራም የጨመራችሁበት ባልዲ 0.5 ካሳየ ውሃው 2.5 በልቷል፣ ልካችሁ 3 ነው። ለ70,000 ሊትር 210 ግራም ክሎሪን፣ ማለትም 21 ሊትር ከ1 በመቶው ውሁድ፣ ይሄዳል፤ ይህም ከ315 ግራም ኤችቲኤች ይዘጋጃል። ውሃው ከቀዘቀዘ፣ ለምሳሌ በደጋ ካምፖች፣ ሠላሳው ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ከፍ ይበል። ፒኤቹ ከ8 ካለፈም ክሎሪኑ ይደክማል፤ ተጨማሪ መጠንና ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል።

የልኬቱ ስሕተት ከመጠኑ ስሕተት ይበልጣል። ለቀሪ ክሎሪን ዲፒዲ ቁጥር 1 ክኒን ነው የሚያስፈልገው፤ ቁጥር 3 ሌላ ነገር ይለካል፣ ቁጥሩንም ከፍ አድርጎ ያሳያል። ክኒኑን በእጅ አትንኩ፣ ከማሸጊያው በቀጥታ ወደ ቱቦው ጣሉት። ቱቦውን በሚለካው ውሃ ሦስቴ አለቅልቁት። አፉን በጣት አትድፈኑ፤ ክዳን አለው። ሟሙቶ ሮዝ ሲሆን ወዲያው በቀን ብርሃን አንብቡ፣ ከቆየ ንባቡ ይለወጣል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ክኒኑ ሲገባ ሮዝ ቀለም ለቅጽበት ታይቶ ከጠፋ፣ ወይም ውሃው በክሎሪን እየሸተተ ቱቦው ቀለም አልባ ከሆነ፣ "ክሎሪን የለም" ብላችሁ አትጨምሩ። ክሎሪኑ በዝቶ ቀለሙን አጥቦት ሊሆን ይችላል። አንድ እጅ ናሙና በዘጠኝ እጅ ክሎሪን የሌለበት ንጹሕ ውሃ አቅጥናችሁ እንደገና ለኩ፣ ንባቡን በ10 አባዙ።

ቦቴና ቦኖ

ዝቅተኛው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። 10,000 ሰው ላለበት ካምፕ 150,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ 15 ምልልስ። አንድ ቦቴ በቀን ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ አምስት ቦቴ፣ ለብልሽት አንድ መጠባበቂያ። ይህ በበጋ ነው። የጋምቤላ መንገድ ዝናብ ሲመታው ሦስቱ ምልልስ አንድ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይኖርም። ስለዚህ ካምፑ ውስጥ ቢያንስ የአንድ ቀን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከክረምት በፊት ይተከል፤ መንገድ ከተዘጋ በኋላ ታንክም አይደርስም።

ቦቴውን ከመቅጠራችሁ በፊት ከዚህ ቀደም ምን እንደጫነ ጠይቁ። ነዳጅ የጫነ አይታጠብም፣ አይወሰድም። ውስጡን ወጥታችሁ በባትሪ እዩ። ክፍያው በደረሰ ሊትር ይሁን፤ በምልልስ ከተከፈለ ሳይሞላ የሚነሣ ይኖራል። ክሎሪኑ ሲሞላ ግማሽ ላይ ይጨመር፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ውሃና ጉዞው ራሱ ያዋሕዱታል፤ የመንገዱም ጊዜ ለክሎሪኑ መሥሪያ ይሆናል። ሲራገፍ ጎማው ጭቃ ላይ እየተጎተተ መጥቶ ሮቶ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይታያል። ያን ሁሉ የለፋችሁበት ውሃ እዚያች ደቂቃ ይበከላል። ለጎማው መስቀያ ሥሩለት፣ ጫፉን በክዳን ወይም በላስቲክ ሸፍኑ።

ብላደር (ተጣጣፊ የላስቲክ ማጠራቀሚያ) ወይም ሮቶ ከመሬት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። መደቡ በአሸዋ በተሞላ ማዳበሪያና በተጠቀጠቀ አፈር ይሠራል። 10,000 ሊትር ማለት 10 ቶን ነው፤ አንዱ ጎን ከሰመጠ ብላደሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ሰውም ይጎዳል። ዙሪያው ይታጠር፣ ልጆች ብላደር ላይ መዝለል ይወዳሉ።

ለአንድ ቧንቧ 250 ሰው የሚለው መለኪያ ውስጥ ብዙዎች የማያዩት ሒሳብ አለ። 250 ሰው በ15 ሊትር 3,750 ሊትር ነው። ቧንቧው በደቂቃ 7.5 ሊትር ከሰጠ 500 ደቂቃ፣ ከስምንት ሰዓት በላይ፣ መከፈት አለበት። ውሃው በቀን አራት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ለአንድ ቧንቧ 120 ሰው ነው የሚበቃው፤ አለበለዚያ ወረፋው መጨረሻ ላይ የምትቆመው እናት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወደ ባሮ ትወርዳለች። ወረፋ ከ30 ደቂቃ፣ ርቀት ከ500 ሜትር አይብለጥ። ቧንቧው በደቂቃ ስንት እንደሚሰጥ በሰዓትና በባልዲ ለኩ፤ የቦኖው ቧንቧዎች ሁሉ በአንድ ላይ ሲከፈቱ መጨረሻ ያለው የሚያንጠባጥብ ከሆነ መስመሩ ቀጥኗል ወይም መደቡ አጥሯል።

ከቧንቧው ሥር የሚፈሰው ውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል፤ ጠጠርና የማስረጊያ ጉድጓድ። መሬቱ ውሃ የማያሰርግ ከሆነ ቦይ ቀድዳችሁ ወደ አትክልት መስመር ውሰዱት። የቧንቧ ጫፍ፣ ጎሚኒና ቴፍሎን መጋዘን ውስጥ ሁልጊዜ ይኑሩ። በራሳቸው የሚዘጉ ቧንቧዎች ውሃ ይቆጥባሉ፣ ግን ቶሎ ይሰበራሉ፤ የቦኖ ኮሚቴው ውስጥ ጎሚኒ መቀየር የሚችሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት፣ ቁልፍ ተሰጥቷቸው ይሠልጥኑ።

ድንኳን ውስጥ

ከቦኖ ሲወጣ 0.5 የነበረው ቀሪ ክሎሪን ድንኳን ውስጥ ዜሮ ሆኖ ይገኛል። በደቡብ ሱዳን፣ በዮርዳኖስና በሩዋንዳ የስደተኛ ካምፖች የተደረጉ ጥናቶችም ከቦኖ እስከ ኩባያ ባለው ጊዜ ክሎሪን ምን ያህል እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ሙቀት ይበላዋል፣ የጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ይበላዋል፣ በሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ የሚጠልቅ እጅ ይበላዋል። የጋምቤላ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ በቦኖ ያለውን ቁጥር ከመጽሐፍ አትቅዱ፣ ከድንኳኑ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ አስሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት ቦኖ ላይ ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ጀሪካን ምልክት አድርጉ፣ ክሎሪኑን ለኩና ጻፉ። ያው ጀሪካን ማታ፣ ከዚያም በማግሥቱ ጠዋት ይለካ። ውሃው ሳያልቅ ሁልጊዜ ቢያንስ 0.2 መገኘት አለበት። ካልተገኘ ቦኖ ላይ ያለውን ወደ 0.8 ወይም 1 ከፍ አድርጉ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሽታው ሰውን ያርቃል፤ ሰው ደግሞ ሽታ ከሌለው ኩሬ መጠጣት ይመርጣል። ለውጡን ቀስ በቀስ አድርጉት፣ ከማድረጋችሁም በፊት በኑዌርና በአኙዋክ ቋንቋ የሚናገሩ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ለሰዉ ይንገሩ። "ክሎሪን መካን ያደርጋል" የሚለው ወሬ ዘወትር ይነሣል። ወሬውን የሚያበርደው ሠራተኞቹ ከዚያው ቦኖ ቀድተው ሕዝብ ፊት መጠጣታቸውና አዋላጆችንና ሽማግሌዎችን ወደ ክሎሪን ማዘጋጃው ወስዶ ማሳየት ነው።

ጀሪካኑን ማጠብ ከክሎሪን መጨመር ይቀድማል። በሳምንት አንድ ቀን ቦኖው አጠገብ አንድ ሊትር ያህል ውሃ፣ እፍኝ ትናንሽ ጠጠርና ሳሙና ውስጡ ጨምራችሁ ለሁለት ሦስት ደቂቃ በደንብ አንገጫግጩት፣ ከዚያ አለቅልቁ። በመጨረሻ አንድ ሊትር ውሃ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ከ1 በመቶው ውሁድ ጨምራችሁ ሁሉን ጎን ካስነካችሁ በኋላ ድፉት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ለአንድ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ጀሪካን ይሰጥ፤ አንዱ ለመቅጃ፣ ሌላው ክዳን ኖሮት ለማስቀመጫ። ጠባብ አፍ ያለውን እመርጣለን፤ እጅና ኩባያ አይገባበትም።

ገና ቦኖ ላልደረሰለት ሰፈር አኳታብስ የሚባለው የክሎሪን ክኒንና ውሃ አጋር የሚባለው ፈሳሽ ክሎሪን ይታደላሉ። ባለ 67 ሚሊ ግራም አኳታብስ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ አንድ ነው፤ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥፋችሁ አጥልሉት። የታደለው ክኒን ለምን አልተጠቀሙበትም ስንል ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ካርቶን ተሰጠ፣ ማሳየት አልነበረም። በዕደላው ቀን ባልዲ ይዞ አድርጎ ማሳየት፣ በሦስተኛው ቀን ቤት ለቤት ሄዶ ማየት የግድ ነው።

ሽንት ቤት በመረሬ አፈር ላይ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ ቀጥሎ ለ20 ሰው አንድ፣ ሲቻል ደግሞ ለየቤተሰቡ። የጋራ የሆነውን ማንም አያጸዳም፤ የቤተሰብ የሆነው ይጸዳል። ከመኖሪያ ከ50 ሜትር አይራቅ፣ ከውሃ ምንጭ ከ30 ሜትር አይቅረብ፣ የጉድጓዱ ወለል ከክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል።

ለ20 ሰው ለአንድ ዓመት ወደ 1.8 ሜትር ኩብ ዝቃጭ ይታሰባል። 1 ሜትር በ1 ሜትር ለሆነ ጉድጓድ 1.8 ሜትር ነው፤ ከላይ ግማሽ ሜትር ባዶ ሲጨመር 2.3 ሜትር ጥልቀት። ግማሽ ሜትር ሲቀረው ይዘጋና አፈር ይሞላል። በመረሬ መሬት ላይ ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይቆምም። ጥቁሩ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳው ይናዳል። ቢያንስ የላዩ ሜትር በበርሜል፣ በቀርከሃ ወይም በአሸዋ ማዳበሪያ ይደገፍ። ጎርፍ በሚደርስበት ሰፈር ጥልቁን ትታችሁ ከፍ አድርጉ፤ ዙሪያውን አፈር በሞሉ ማዳበሪያዎች እስከ 1 ሜትር ገንብታችሁ ወለሉን ከላይ አስቀምጡ፣ ደረጃ ሥሩለት። አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ላለበት ቤት ደረጃውን በተዳፋት መንገድና በእጅ መያዣ ተኩት።

ለሴቶች የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሌሊት መብራት ያለው ካልሆነ ቀን ብቻ ይሠራል። ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ሴቶቹን ጠይቁ፣ ወንድ ሠራተኛ በሌለበት። ሕፃናት ጉድጓዱን ይፈራሉ፤ ለእነሱ ፖፖ ይሰጥ፣ እናቶችም ሽንት ቤቱ ውስጥ እንዲደፉት ይነገር። የሕፃን ሰገራ አይበክልም የሚለው እምነት ሐሰት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን አታፍስሱ፤ ብክነት ነው፣ መበስበሱንም ያቆመዋል። ሽታና ዝንብ ካስቸገረ አመድ ይነስነስ። በሩ ላይ ውሃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ ከሌለ ግንባታው አልተጠናቀቀም። ሳሙናው ይጠፋል፤ ይጠፋል ብላችሁ አትተዉት፣ ሳሙና ውሃ በጠርሙስ በጥብጣችሁ ክዳኑን ብሱና አንጠልጥሉ።

አተት ሲገባ ደግሞ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ቦቴ ሲሞላ ቀሪ ክሎሪኑ 2፣ ቦኖ ላይ 1 ይሁን። የሕክምና ማዕከሉ ለአንድ ታማሚ በቀን 60 ሊትር ይፈልጋል። ለእጅ 0.05 በመቶ፣ ለወለልና ለአልጋ 0.2 በመቶ፣ ለሰገራና ለትውከት 2 በመቶ ይዘጋጃል። በ10 ሊትር ባልዲ 7.5 ግራም፣ 30 ግራምና 300 ግራም ኤችቲኤች ማለት ነው። ሦስቱ በርሜሎች በተለያየ ቀለም ይለዩ፣ በላያቸውም በትልቁ ይጻፍ፤ 2 በመቶው እጅ መታጠቢያ ላይ ተቀምጦ ቆዳ እንዳያቃጥል።

ቦቴ ውድ ነው፣ ለወራት ከቀጠለ ለቦኖና ለሽንት ቤት የሚሆነውን ገንዘብ ይበላል። ኢታንግ ላይ ባሮ ዳር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ተስቦ ከተማውንና ካምፖቹን በጋራ የሚያጠጣ መስመር የተዘረጋው ለዚህ ነው። የነዋሪውና የስደተኛው ውሃ አንድ ሲሆን ጠብም ይቀንሳል። መስመር አለ ተብሎ ግን መለካት አይቀርም። ነዳጅ አልቆ ወይም መብራት ጠፍቶ ግፊቱ ሲወርድ በየስንጥቁ የጉድፍ ውሃ ወደ ቧንቧው ይገባል። ፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ በመስመሩ መጨረሻ ባለው ቦኖ ላይ አፍስሱት፣ ለኩ፤ 0.5 ሲነበብ ወረፋው ይጀመር።